ካሰርንስ መርከብ ነው

መሬት ገዛሁ አለ፤ መሬት አይባልም፣
ፍየል ትቆም ይሆን፣ ሰው ግን አይቆምም።
ቫልፓራይሶ ላይ፣ ከወደቡ በላይ፣
ተንጠልጥሎ የቀረ ገደል ነው ሲታይ።

የመጣው መሐንዲስ ውሃ ልኩን ጣለ፣
አረፋው ሸሸና ከዳር ኮበለለ።
“ቆርጠን እንደልድለው” ብሎ አረቀቀ፤
ኤርሞሄኔስ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

ኤሎይሳ ግን መጥታ፣ ወረቀት ሳትፈታ፣
ቁጭ ብላ ጠየቀች፣ እስኪመሽ፣ በርጋታ፦
ምን ነበር ሥራህ?

“ክሬን ነዳሁ” አላት፣ “አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፤
ከአናታቸው ነው እኔ የማውቃቸው መርከቦችን ሁሉ።”

ሦስት የብረት እግር ዓለቱ ላይ ቆመ፤
ሲሚንቶው በበቅሎ ሽቅብ አዘገመ።
በሩ ከጣሪያው ነው፣ መኝታው ከታች፤
ፖስተኛዋ ደብዳቤ ጣራ ላይ ታኖራለች።

በነሐሴ ሌሊት ምድር ተናወጠች፤
ሰፈሩ ተንጫጫ፣ ቤቲቱ ተወዛወዘች።
እሱ “ክሬንም እንዲሁ ነው” ብሎ ዞሮ ተኛ።

ዘንድሮ ልጠይቀው ሄጄ፣
ባገሬ ደንብ ብለው “ቤት ለእንቦሳ!”፣
ተርጉሜ ብነግረው ሳቀ፣
ወደ መስኮቱ እጁን እያነሳ፦
“የታል ካስማ መትከያ? ጥጃስ የት ይቆማል?
ካሰርንስ መርከብ ነው፤
ገመዱ ይደርሳል።”