አራተኛው ጭስ

የቪጎ ኪራይ እንደ ባሕሩ ሞልቶ፣
ደሞዛችን ከሥር እንደ ዓሣ አጥንት ቀርቶ፣
በኅዳር አንድ ማታ፣ ዝናብ መስኮት ሲደልቅ፣
አንሾ ካርታ ዘረጋ፣ ሾርባችን ሳያልቅ፤
እርሳሱን አሹሎ፣ ምሥራቅ ምሥራቁን
ከበበ፣ ከበበ፣ መንደር ርካሽ ርካሹን።

እኔ ደብተር ያዝኩኝ፣ ሠንጠረዥ አሰመርኩ፤
ዋጋ፣ ውሃ፣ ሐኪም፣ መንገድ ብዬ ጻፍኩ፤
«ልጅ ስንት አለ?» የሚል ዐምድም ጨመርኩበት፣
በመጨረሻው ጥግ፣ ቦታ በጠበበበት።

ቅዳሜ ቅዳሜ በአሮጌዋ መኪና፣
በሯ በገመድ ታስሮ፣ ዞርን በየጎዳና።

የመጀመሪያው ቤት፣ ዋጋው የብስክሌት፣
ጣራው ሰማይ ሆኖ፣ ሳሎኑ ሣር የሞላበት።
ደላላው ግን አያፍር፦ «አየር አለው» ብሎ፣
ከሳሎኑ መሐል ከበቀለው በለስ ሥር ተጠልሎ።

ሁለተኛው ደኅና፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ፤
የወራሹ ነገር ግን ልባችንን አዛለ።
ሰባት ወንድምና እኅት፤ ሁለቱ ቦነስ አይረስ፣
አንዱ መርከበኛ፣ ወሬው የማይደርስ፤
ሰባተኛዋ ደግሞ በእናቷ የብር ማንኪያ
ተቀያይማለች፣ የላትም ማባበያ።

ሦስተኛው በነጻ፤ ያውም ከነእርሻው!
«ሰው ይኑርበት ብቻ» ብሎ ማዘጋጃው።
አንሾ ብዕር ሲመዝ፣ «ሐኪሙስ?» አልኩና፤
«ሐሙስ፣ በወር አንዴ፤ ድልድዩ ከሆነ ደኅና።»
የእኔ አስም ደግሞ ቀን አይመርጥምና፣
ብዕሩን መለሰው ኪሱ ውስጥ እንደገና።

ያን ማታ ገባኝ፤ ርካሽ ርካሽ አይደለም፤
ቤቱ የተወልህን መንገዱ አይተውልህም።

መጋቢት ላይ ደግሞ ጠፋንና መንገድ፣
ጎማችን ተነፈሰ ሽቅብ ስንሄድ፣
ባራት ድንጋይ እግሩ ከቆመ ጎተራ አጠገብ፤
አንሾ ካሰመረው ውጭ ነው፣ ከእርሳሱ ክበብ።

ዶሲንዳ ይሏታል፤ ሰማንያ አልፏታል፤
እጇ ግን ዛሬም ብሎን ይፈታል።
ስለ ቤት ስንጠይቅ ዋጋ አልነገረችን፤
ጣቷን ወደ ሰማይ አንሥታ አሳየችን፦
«ልጅ ሳለሁ ጠዋት ጠዋት ጭስ እቆጥር ነበር፤
አርባ አንድ ጭስ ነበረ፣ ይህ ኮረብታ ሲከበር።
ዛሬ ሦስት ነው፤ የእኔ፣ የኤላዲዮ፣ የወፍጮው፤
ኤላዲዮ ሲያመው ሁለት ነው የሚታየው።»

ቁልፍ አመጣች፤ ክንድ የሚያህል፣ ግማሹ ዝገት፤
የእኅቷ ቤት ነበር፣ ከተዘጋ ዘጠኝ ዓመት።
ኩሽናው ጥላሸት ለብሷል፤ የሽንኩርት ጉንጉን ደርቋል፤
የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ኅዳር ላይ ቆሟል።
«ስንት ነው?» አለ አንሾ፣ ድምፁ እንደ መፍራት ሲል፤
ዋጋ ጠራች፤ የሁለት ዓመት ኪራያችንን ያህል።
«አንድ ነገር ግን አለ፣ ውሉ ላይ ባይጻፍም፤
ጠዋት እሳት ሳታነድዱ ከቤት አትወጡም፤
ሐምሌ ሙቀት ቢሆን፣ የምታበስሉት ባይኖርም።
ከመስኮቴ ልቁጠር። አራት ልበል። ሌላ አልፈልግም።»

አንሾ ደረቴን አየ፤ «አስምሽስ?» አለ ለስልሶ፤
ደብተሬን ብገልጥ፣ ለጭስ ዐምድ የለውም ጨርሶ።
«ጭስ ማውጫው ይጠረግ፤ አንተ ለኩስ፤ እኔ ደጅ
እቆማለሁ» አልኩት። ሳቀብኝ እንደ ልጅ።

ይኸው ሁለተኛ ክረምት። ሐኪም ቤት ሩብ ሰዓት ነው፤
ጣራው ሁለት ቦታ ያፈሳል፤ ድንቹን ከርከሮ ቆፈረው፤
የልጆቹ ዐምድ ሥር እስካሁን ባዶ ነው።

ጠዋት ግን፣ ካፖርት ደርቤ፣ ደጅ ቆሜ እቆጥራለሁ።
ትናንት አራት አልሞላም፤ ሦስት ብቻ አየሁ።
ከዶሲንዳ ጣራ በላይ ሰማዩ ባዶ ነበር።
አንሾ ባንድ እግር ጫማ፣ እኔ እያሳለኝ፣ ስንበር፣
በሯን ገፋነው፤ ምድጃው ፊት ተቀምጣለች፤
የረጠበ ክብሪት በእጇ። ቀና ብላ አየችን፤ ሳቀች፦

«ለካ እናንተም ትቆጥራላችሁ!»