ጉድለት፦ አንድ

ከኅብረት ሥራ ቢሮ ነው የተላክሁት፣ ለቆጠራ፤
በብብቴ ሦስት ቅጽ፣ ማኅተም፣ የከረመ የካርቦን ወረቀት።
ባጃጁ ከሰቃ መንገድ ታጥፎ፣ በጭቃ ተንገዳግዶ ሩብ ሰዓት፣
«ከዚህ ወዲያ በእግር ነው፣ ኦዲተር» ብሎ ከዋንዛው ሥር አራገፈኝ፤
የጅማ ዝናብ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ከነማኅተሜ ገረፈኝ።

ማኅበሩ አንድ ክፍል ነው፤ ቆርቆሮው ብቻውን የሚያወራ።
በመደርደሪያው ላይ ከተማዬን አገኘኋት፣
አውራ ጣት አክላ፣
ከጭቃ ተድቦልቡላ፣ በኩበት እሳት በስላ።
ባለ ባጃጁ አንገቱን አስግጎ ከተሳፋሪ ሲከራከር፣
ቀፎ ሰቃዩ ሽቅብ አንጋጦ ከዛፉ ጋር ሲማከር፣
በርጩማ ጠራቢው፣ ባለ ሦስት እግሩ ሥራው ከጥፍር ያነሰ፣
የሂርማታ ሽንኩርት ሻጭ፣ ሚዛኗ በአንድ ጎን ያነከሰ፣
ነርሷ፣ መርፌዋን ከኋላዋ የደበቀች፣
አንዲት ባልቴት፣ ጫማዋን ልታራግፍ በአንድ እግሯ የቆመች፤
ጠጠሩ ሳይኖር ታየኝ።

ዓይን የላቸውም፣ አንዳቸውም። አፍንጫም ከንፈርም የለ።
«ሼኹ ‹ዓይን አትሥሩላቸው› አሉን» አለች ነዒማ አባ መጫ፣
«እሺ አልን። ምን ይጎዳል?
ሰው በአቋቋሙ ይታወቃል።
ድሮ እናቶቻችን ገንቦ አዝለው ሲመጡ፣ ግቡ የሚል አልነበረም፤
ውሃ ቢሰጧቸው በቅል ነው፣ ቅሉም ከኋላቸው ይሰበር ነበር።
ከአጥር ውጪ ለቆመ፣ የባለቤቱ ፊት አይለይም፤
አቋቋሙን ለመድን።»

ቆጠርሁ። መዝገቡ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ይላል።
እኔ፣ ሦስት መቶ አሥራ አንድ።
ደገምሁ፤ በአምስት አምስት፣ በየረድፉ፤ ያው ጎደለ አንድ።
ሴቶቹ ዝም አሉ።
ጭቃ የምትረግጠው ትንሿ ዚያዳ ወደ ጥግ አየች፣ ቶሎም መለሰች ዓይኗን፤
ነዒማ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ከፈተች የዱቄት ወተት ጣሳ ክዳን፤
ከእርጥብ ጨርቅ ውስጥ ሰው አወጣች፣
ያልተተኮሰ፣ ገና ለስላሳ።

«አባ ራያ ነው፣ ባሌ። ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመት።
ፎቶ አልነበረውም። ፊቱ ከኔ ጠፍቷል፤ እሱስ ይቅር።
ግን ከበር ቆሞ ሲጣራ፣ በየትኛው እግሩ ይደገፍ ነበር?
በግራ ሠራሁት፣ እምቢ አለኝ።
በቀኝ ሠራሁት፣ ሰው ሆነ፤ ግን የሌላ ሴት ባል።
ወንድሙ ‹እጁን ከኋላው ያጣምር ነበር› አለ፤ አጣመርሁለት።
ጎረቤቴ ‹ኧረ መቃኑን ነው የሚይዝ› አለች፤
ቀኑን ሙሉ መቃን ስሠራ ዋልሁ፣ ቤት የሌለው መቃን።
እሳት ከገባ በኋላ መመለስ የለም፣ ልጄ።
ስለዚህ ማታ ማታ ጨርቁን አርሳለሁ።»

ቅጹ ሦስት ዓምድ አለው፦ የተሸጠ፣ የተሰበረ፣ የጠፋ።
እስክሪብቶዬን ይዤ ቆየሁ፤ ዝናቡ እንደገና እስኪያካፋ።
በዚያ መሐል የራሴን አባት በልቤ ላቆመው ሞከርሁ፤
ሁልጊዜ ተቀምጦ መጣብኝ፣
ሬዲዮ ጭኑ ላይ፣
ሊነሣ ሲል የሚጠፋ።

ከዓምዶቹ በታች፣ ባዶ ቦታ ላይ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦
«በሂደት ላይ ያለ ሥራ፦ አንድ።»
አተምሁበት። ካርቦኑ በታች ወዳለው ቅጽ አሳለፈው፣
ከዚያም ወደሚቀጥለው፣ እየደበዘዘ።

ልወጣ ስል ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ ዝናቡን ስጠብቅ፣
ዚያዳን አየኋት፤
በጣቶቿ መሐል አንዲት ቁራጭ ጭቃ፣
ፊቴን ሳታይ፣
እግሬን ታያለች።