ሃያ ሁለተኛው በር

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። ክላክስቪክ ተኝቷል፤
ወደቡ ላይ ጀልባው ገመዱን ይጎትታል።
ከዓሣው ሐራጅ ቤት ሥር፣ ከምድር ቤቱ ጓዳ
ሰርቨሩ ይተነፍሳል፤
ከጎኑ ነኝ እኔ፣ እንደ አስታማሚ ዘመድ፣ እንደማይሄድ እንግዳ።

ሥራዬን ለጠየቀኝ፣ ለደሴቱ ሰው ሁሉ
"በር እጠብቃለሁ" እላለሁ፤ ይስቃሉ።
ሃኑስ፣ አለቃዬ፣ "የምን በር?" ይለኛል፣
"እዚህ አገር ደግሞ በር የሚቆልፍ የታል?"
እውነቱን ነው። ቁልፋችንን ዝገት በልቶታል፤
ጎረቤት ሳያንኳኳ ገብቶ ካልሲውን ያደርቃል።

እኔ ግን ስድሳ አምስት ሺህ በር አለኝ፤
ከሁሉም፣ ሃያ ሁለተኛው ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ማን ነህ? "ሩት።" ቃልህ? ሐሰት።
ማን ነህ? "ሩት።" ቃልህ? ሐሰት።
ስሜ ሩት ነው ይላል፣ እንደዚያች ሞዓባዊት
ሰው ካጨደው ማሳ ሊቃርም የወጣ፣ በሌት።
በደቂቃ ሠላሳ ጊዜ፣ ሳይቆጣ፣ ሳይለምን
አንዱን ቁልፍ ይጥላል፣ ያነሣል ሌላውን።

አድራሻውን ጻፍኩት በደብተሬ ጠርዝ፦
ሁለት መቶ ሦስት፣ ነጥብ፣ ዜሮ፣ ነጥብ፣
መቶ አሥራ ሦስት፣ ነጥብ፣
ሰባ ሰባት።
ስሙን ስላላወቅሁ፣ ቁጥሩን ረገምኩት።

ማገድማ ቀላል ነው፤ አንድ መስመር፣ አንድ ጣት።
ግን ከኔ ደጅ ቢባረር ሌላ ደጅ ነው የሚሄድ፣
የክሊኒክ፣ የትምህርት ቤት፣ ጠባቂ የሌለው መንገድ።
ስለዚህ ከሰስኩት።
መዝገብ ከመዝገብ ሳገላብጥ
ኡራጓይ ወጣልኝ፣ ከፓይሳንዱ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ ማዶ ሜዳ ውስጥ።
"ለሚመለከተው ሁሉ፦ ከእናንተ መስመር፣ በዚህ ቀን፣
አራት ሺህ ሁለት መቶ ሙከራ። ማስረጃው ከሥር ተያይዟል። ራንቫ ነኝ።"
ማሽን መለሰልኝ፦ "ደብዳቤዎ ደርሶናል።"
ደግሜ ጻፍኩ። ማሽን፦ "ደብዳቤዎ ደርሶናል።"
ደጅ ጠናሁ እንግዲህ፣ ደጄን ለሚደበድብ
ሰው ደጅ።

እስከዚያ ሌባዬን በልቤ አሳደግኩት፦
መስኮቱ የተጋረደ፣ ኮፍያ የደፋ ወጣት፣
ጣቱ ቀጭን፣ ሳቁ ቀጭን፣ እናቱን የማያከብር።
እራቴን ስበላ እንኳ ፊት ለፊቴ ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። ከሰው።

"ወይዘሮ፣ ኤልቢዮ እባላለሁ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ንብ አነባለሁ።
አምና አራት ቀፎ ሰረቁኝ። ልጄ ካሜራ ገዛና
'አባባ፣ ይጠብቅልህ' ብሎ ባሕር ዛፉ ላይ ሰቀለልኝ።
ትናንት የስልክ ኩባንያው ልጅ መጥቶ አወረደው።
የይለፍ ቃሉ ከፋብሪካ እንደወጣ ነበር አለኝ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።
ቀን ንቦቼን ሲያይ ውሎ፣ ሌት የእርስዎን በር ሲመታ ያድር ኖሯል።
አፈርኩ፣ ወይዘሮ።
ዓሣዎ ጠፍቶ ይሆን?"

ሦስቴ አነበብኩት።
ያ ባለ ኮፍያ ወጣት ከፊቴ ተነሥቶ ሄደ፤
ወንበሩ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ የንብ ጭምብሉን በእጁ ይዞ፣
አፍሮ ተቀመጠ።
ሌባውማ አለ፤ ከካሜራው ኋላ፣ ከኋላውም ኋላ፤
እስከሱ ግን አይደርስም የኔ ደብተርና ዱላ።

አልጠፋም አልኩት፣ አባባ። ዓሣው ሁሉ አለ።
ንቦቹስ?

ዛሬም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከዚያ ወገን ጸጥ ብሏል፤
ከሌላ ግን ሩት መጣች፣ ሌላ ቁጥር ለብሳለች።
እጽፋለሁ፦ "ለሚመለከተው ሁሉ"፤
ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ነጥቡን ከነቁጥሩ።
ከሥር፣ የማንም ደንብ የማያዝዘውን፣ አንድ መስመር እጨምራለሁ፦
"ባለቤቱ ላያውቅ ይችላል። ቀስ ብላችሁ ንገሩት።"

ሃኑስ ሳያንኳኳ ይገባል። ዝናብ በስብሶታል።
አንድ ቃል ሳይናገር
ካልሲውን አውልቆ
ሰርቨሩ ላይ አሰጣ።