አየር እስኪወጣ

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ማዳመጫውን ሆዱ ላይ አኖረ፤
በር አንኳኩቶ መልስ እንዳጣ እንግዳ ጆሮውን ቀሰረ።
«አልነቃም» አለኝ ቀና ብሎ፤
«አንጀት እጅ ሲነካው ይደነግጣል፤ ይተኛል ሥራውን ጥሎ።
ጠብታ ውሃም ቢሆን በአፉ እንዳትሰጪው፤
አየር እስኪያወጣ ድረስ ቁጭ ብለሽ ጠብቂው።»

ስሙ ጥጋቡ ነው። አንጀቱ ተጠማዞ፣ ተቀዶ፣ ተሰፍቶ፣
ይኸው ጦሙን ያድራል፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ስሙን ረስቶ።

ለሐኪሙ አልነገርኩትም እንጂ እኔም ሆድ አውቃለሁ፤
ጣና ዳር፣ ድንጋይ ላይ፣ ሃያ አንድ ዓመት አሳ ቀድጃለሁ።
አምባዛ አንጀቱ አጭር ነው፤ የዋጠው ሥጋ አያደክመውም፤
ቆሮሶ ግን፣ ያ የውሃ ሽበት ለቃሚ፣ ተርትሬ ተርትሬ አልጨርሰውም፤
መዳፍ በምታክል ሆድ ውስጥ የሸማኔ ክር ተጠቅልሎ፤
ሣር የቀመሰ ሁሉ መንገዱ ረጅም ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ።

የጥጋቡን ግን አላየሁም።
አብሬው ስበላ ስኖር፣ ጉርሻዬ የት እንደሚያድር አልጠየቅሁም።

ሌሊት ተረኛዋ ሲስተር ትርንጎ ግሉኮሱን ቀይራ ነገረችኝ፤
«ሥራ የሚጀምረው ምራቅ ነው፣ ጥርስ ሳይጨርስ» አለችኝ።
ጨጓራ አሽቶ አሽቶ በኮምጣጣ ውሃው ያላቁጠዋል፤
ከጉበት የሚወርደው ሐሞት ቅባቱን እንደ ሳሙና ይበትነዋል።
ሐሞት! እኔ ወንድነት ብቻ መስሎኝ ነበር፤
ማዕበል ሲነሳ ጥጋቡን ታንኳ ላይ የሚያቆመው ነገር።
ከዚያ አስራ ሁለት ክንድ አንጀት ይጨመቃል፣ ይለቀቃል፣ ይገፋል፤
ማንም ሳያዘው፣ እኛ ተኝተን፣ ቁራሹ ወደ ደም ያልፋል።
«አንጀቴን በላው» ስል ኖሬ፣
በዪው ራሱ አንጀት መሆኑን ያወቅሁት ዛሬ።

በመስኮቱ ጣና ይታያል። ሽማግሌዎች፣ አባይ
ሐይቁን ሳይነካ አቋርጦ ይሄዳል ይላሉ፣ ከላይ ከላይ።
እንጃ።
እኔ ሳይነካካ የሚያልፍ ነገር አላየሁም።

ሦስተኛው ቀን። ጠያቂ ሁሉ ሰላምታውን ትቶ፣
«ወጣ?» ይላል፣ የእድሩ ዳኛ እንኳ ከበር ገብቶ።
ቄሱ አፍረው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣
«ነፋሱስ እንዴት ነው?» አሉኝ፣ መርከብ የምነዳ አስመስለው።
ሠርግ ቤት ቢያመልጠው ዓመት ሙሉ ያፍር የነበረ ሰው፣
ዘመዱ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ፈስ ይለምንለታል፤ ጉድ ነው!

አራተኛው ንጋት። ውሃው ላይ ጭጋግ አለ።
ጆሮዬን ሆዱ ላይ ጣልኩ፤ ከሩቅ አንድ ነገር «ኩርር» አለ፤
ዝም። ደግሞ «ኩርር»። ከዚያ ከብርድ ልብሱ ስር
መጣ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ እንደ አሮጌ የቆርቆሮ በር።
ከጎናችን የተኛችው ሴትዮ ስፌቷን ይዛ እልል አለች።

ጥጋቡ ፊቱን በጋቢ ሸፈነ።
«ይቅር በይኝ» አለኝ ከውስጥ።
በትዳራችን ሙሉ ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም፤
ከሌሊት ወፍ ጋር ገብቶ እንኳ፣ ሰክሮ እንኳ፣ አላለውም።

ምንም አልመለስኩም። ማንኪያ አጠብኩ፤ ሻይ ቀዳሁ፣ ለብ ያለ፣ በስኳር።
ጋቢውን ገለጥኩ። አፉን ከፈተ።
ጉሮሮው ወጣ፣ ወረደ።
ከዚያ ወዲያ አይታይም፤
ግን መንገዱን አውቀዋለሁ።