የጎደለች ማንኪያ

ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፣ የእድሩ ዕቃ ቤት፤
ድንኳን ሁለት፣ አንዱ ጣሪያው የተጣፈበት፣
ስድሳ አግዳሚ ወንበር፣ ሦስት ብረት ድስት፤
ከምስማር ላይ ደግሞ የነሐስ ጥሩምባ፣
ጎህ ሳይቀድ ሲነፋ ሆድ የሚያባባ።
ሃያ ሦስት ዓመት ስቆጥር፣ ስረከብ፣
የሚያድግ ሰው ስም አልነበረም በኔ መዝገብ።

ድሮማ፣ እናት ማልዳ ስትወጣ ለሥራ፣
«እቺን ልጅ እያየሽ!» ነበር፤ ያ ነው አደራ።
አሁን በማን አጥር? በየትኛው በር?
ፈርሶ ተጠርጎ የኋላው ሰፈር፣
ግማሹ ገላን ጉራ፣ ግማሹ አራብሳ፤
እኛ ቀረን፣ ከቆርቆሮው ጥግ፣ እታች ፒያሳ።

ወይንሸት፣ ፎቅ ላይ ሽቦ የምታስር፣
ልጇን በካርቶን፣ ከአሸዋው ክምር ሥር
አስተኝታ ነበር ስትሠራ የዋለች፤
ይህንን ዘይባ ናት አይታ የመጣች።
ዘይባ ከወረዳ፣ ባጅ አንገቷ ላይ፣
ጫማዋ ያለቀ ቤት ለቤት ስታይ፣
«ክትባቱ ተሟልቷል? ማን ይውላል አብሮት?»
ስትል፣ ስትጽፍ፣ ቆማ፣ ለአፍታ ሳትቀመጥ በቤት።
«ሁለት ሞግዚት አለኝ፣ ዱቄት አግኝቻለሁ፤
ጣሪያ ነው ያጣሁት፤ ድንኳን እፈልጋለሁ።»

እሑድ ጉባኤ ላይ አቶ ወልደየስ ተነሡ፤
ከዘራቸውን እንደ ጦር አነሡ፤
«የለቅሶ ድንኳን ነው! ሕፃን ይግባ ከሥሩ?
ሟርት ነው! ሟርት ነው! ኋላ እንዳትማረሩ!»
ወይዘሮ ላቀች ከኋላ፣ ሳይነሡ ከወንበር፣
(ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ዝም ባንል አይሰማም ነበር)
«ልጁ ሲሞትማ መች እንጠየቃለን፤
ሮጠን፣ ተሻምተን ድንኳን እንጥላለን፤
በቁሙ ሲሆን ነው እምንሰስተው?
ይህ እድር የማን ነው? የሞት ነው የሰው?»
አለፈ፣ በአንድ ድምፅ ብልጫ፤
አቶ ወልደየስ ባርኔጣ ደፍተው ሄዱ ወደ መውጫ።

ሰኞ ሠላሳ አራት ልጅ ቆጥሬ ተረከብኩ፤
(«ተረከብኩ» ብዬ ጽፌ፣ አፍሬ ሰረዝኩ።)
ንፍሮ እንጂ ሌላ የማያውቀው ድስት
ገንፎ ተገነፋበት፤
አግዳሚው ተገልብጦ ባቡር ሆኖ ነጎደ፤
እኔም ቁልፌን ይዤ፣ ያ ሁሉ ጸጥታ ወዴት ሄደ?

አንድ ረቡዕ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣
የወይንሸት ልጅ ሚልኪያስ፣ ሞግዚቷ ሳታይ፣
ወንበር በወንበር ደርቦ፣ ወጥቶ፣
ጥሩምባውን ነፋ።
ነጠላ ዘቅዝቆ ሰፈሩ ከደጃችን ተደፋ።
«ማን ነው? ኧረ ማን ሞተ?»
«ማንም። ምሳ ነው።»
አቶ ወልደየስም ደረሱ፣ እያለከለኩ፤
ያመጡትን እንባ የት እንዲያኖሩት እኔም አላወቅኩ።
«ካስማው ላልቷል» አሉ። ሌላ አልተናገሩም።
አጎንብሰው መቱት በድንጋይ፤ ቁጭም አላሉም።

የዚያን ዕለት ማታ ማንኪያውን ስቆጥር
ከአርባው አንዲት ጎደለች፤ ጻፍኩት በቁጥር።

በጳጉሜን ዝናብ ወይዘሮ ላቀች አረፉ።

ደህናው ድንኳን ለሳቸው፤ የተጣፈው ያፈሳል፤
ዕቃ ቤት ውስጥ ሦስት ቀን ሠላሳ አራት ልጅ ያለቅሳል።
ወይንሸት ከበራፍ አየች፣ ዝም ብላ፤
ካርቶኗን አነሣች፣ ሚልኪን በጀርባዋ አዝላ።
ዘይባም አላገዳት። ምን ብላ?

ያረፉበት ሌሊት፣ ድንቁ ጥሩምባ ነፊ
ከደጅ ቆሞ፣ ካፖርቱ በዝናብ ርሶ፣
ቢነፋ እንቢ አለው፤ ቢነፋ፣ ትንፋሽ ብቻ።
ገልብጦ መታው በመዳፉ፤
ጠብ አለች፣ ኮብልስቶኑ ላይ፣ ከአፉ፣
ገንፎ የደረቀባት፣
ትንሽዬ ማንኪያ።

መዝገቡ ላይ «ተገኘች» ብዬ ሞላሁ፤
ከየት እንደሆነ ክፍት ትቼዋለሁ።