ሁለት ስንዝር

ደመወዝ ይከፈለኛል፣ እጄን ጭኔ ላይ ላስቀምጥ፣
መሪው በራሱ ሲዞር፣ ዝም ብዬ ላፈጥጥ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታክሲ የነዳሁ ሰው፣
ዛሬ የጎተንበርግን መንገድ በመስኮት የማየው
እንደ እንግዳ ነው።

በበረዶው መሀል ሐዲዱ ጥቁር መስመር አስምሯል፤
ትራሙ ከማዮርና ቁልቁል ይንሸራተታል፤
የኛ ታክሲ ቅድሚያ ይሰጣል።
አይቸኩል፣ አይሳደብ፣
አይጠጣ፣ አያዛጋ፣ ስልክ ደብቆ አያነብ።

እውነቱን ልናገር፤ እኔ አንቀላፍቻለሁ፤
የድልድዩን አጥር በቀኝ በሬ ፍቄ፣ ባንኜ ነቅቻለሁ።
ከኋላ ሦስት ሰው ነበር፤ እነሱም ተኝተው፣
ቤታቸው ስንደርስ
ጉርሻ ጨምረውልኝ ወረዱ አመስግነው።
ስለዚህ ሊኔያ፣ ያቺ ወጣት መሐንዲስ፣
«አደጋው እኮ ሰው ነው» ስትለኝ
እሰማለሁ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ሳልመልስ።

ግን ጉንቦሪ አለች።
ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ባለጎማ ምርኩዟን ይዛ
ዳቦ ቤቱ ጥግ ትቆማለች።
ታክሲው ሲቆምላት አትሻገርም፤
መስታወቱን ታያለች፣
ዓይን ትፈልጋለች።
እሱ ይጠብቃል፣ እሷ ትጠብቃለች፤
ከኋላ ትራሙ ደወሉን ይደውላል፣
ቆቧ ላይ በረዶ ይከመራል።
በመጨረሻ አንገቴን እነቀንቃለሁ፦
እማማ፣ አይቼዎታለሁ።
እጇን ለምስጋና ታነሳና ትሻገራለች።
ማታ ቅጹን ስሞላ፣ «የሰው ጣልቃ ገብነት» ከሚለው ሥር
ዜሮ እጽፋለሁ፤
የአንገት ንቅናቄን በየትኛው ሣጥን ልዘርዝር?

የሉሲያ በዓል ማለዳ፣ ገና ሳይነጋ፣
ልጆች በነጭ ቀሚስ፣ በነጩ በረዶ ላይ፣
ራሳቸው ላይ ሻማ አብርተው ተሰልፈው ያልፋሉ።
መጨረሻ ላይ ያለችው ትንሿ
የባትሪ ሻማዋ ጠፍቶባት፣
ከራሷ አውርዳ ልትጠግነው
መንገዱ መሀል ቆመች።
ነጭ በነጭ ላይ። መብራት የለ፣ ጥላ የለ።
ታክሲው ዝግ አላለ።
እግሬ ከሐሳቤ ቀደመ፤
ፍሬኑን ረገጥኩ፤ መኪናው ተንሸራቶ፣ ተንቀጥቅጦ ቆመ።
ልጅቱ ቀና አለች፣ መስታወቱን አየች፣
ከቁብም ሳትቆጥረኝ ሮጣ ሰልፉ ላይ ደረሰች።

ማክሰኞ ስብሰባ ተጠራ።
ቪዲዮው ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ።
ሊኔያ ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመር አሰመረች፤
«ባትነካውም ይቆም ነበር» አለች፤
ልታጽናናኝ ነው፣ ድምጿ ለስልሷል፤
«አርባ ሳንቲ ሲቀረው።»
ሁሉም እፎይ አሉ። እኔም እፎይ አልኩ።

ማታ ወጥ ቤት ገብቼ
ጠረጴዛው ላይ መዳፌን ዘረጋሁ፦
አንድ ስንዝር። ሁለት ስንዝር። አለቀ።
ለሙት መሬት ሲለካ፣ ሦስት ክንድ ከስንዝር ይባላል፤
ለቋሚ ግን ስንት ይበቃል?
ደግሞስ ባይቆምስ ኖሮ?
እኔ ብሆን የገጨሁ፣ ስም አለኝ፣ ደጅ አለኝ፤
እናቷ የምትረግመው ፊት፣ ሽማግሌ የሚጠራው ሰው አለኝ።
እሱ ግን በማግሥቱ ታጥቦ ይሰማራል፤
«ስሕተቱን ተማረ» ይባላል።

በየካቲት ወንበሬ ባዶ ይሆናል።
ትናንት ዕረፍቴ ነበር፤ ዳቦ ቤቱ ጥግ ጠበቅኋት።
«እማማ ጉንቦሪ፣ ከእንግዲህ ውስጡ ሰው የለም፤
ግን ይቆማል፣ አይፍሩ፣ ይሻገሩ» አልኳት።
ጓንቷን አስተካከለች፤
ባዶውን መንገድ አየች፤
«ይቁም እንጂ፣ ደግ ነው» አለችኝ፤
«ታዲያ እጄን የማነሳው ለማን ነው?»