እፍኝ ባቄላ

ከአቃቂ ድልድይ በታች፣ ወንዙ ቀለም በሚያዝልበት፣
አባቴ ወፍጮ ነበረው፣ ጣራው ሥር ጠባብ ቆጥ ያለበት።
ቆጡ ላይ መምህር ልሳኑ፤ ሎጂክ ያስተምር የነበረ፣
በማይታወቅ ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ የተባረረ።
(ሰፈሩስ ያውቅ ነበር፤ ሦስት ዓይነት ምክንያት፣
አንዱ ካንዱ የማይገጥም፣ ሁሉም ሰው የማለበት።)

ኪራይ አይከፍልም፤ የአባቴን ሒሳብ ይደምራል፣
ማታ በኩራዝ፣ በከረጢት ወረቀት ጀርባ፣ ክብ ይስላል፤
ክብ፣ በክቡ ውስጥ ሌላ ክብ።
"አንዱ ክብ «አይደለም» ነው።"
"ሁለት ሲሆንስ?"
"«አይደለም» አይደለም።"
"እሱስ ምንድን ነው?"
"ነው!" ይልና ይስቃል፤ ወንፊቱ ከምስማሩ እስኪወድቅ።

ከራስጌው ለጥፎ ነበር የአንድ ጺማም አሜሪካዊ ፎቶ፤
"እሱም ባለዕዳ ነበር" አለኝ፣ "ቆጥ ላይ የጻፈ፣ ተረስቶ።"

ባለሱቁ ከድር ለዱቤው ደብተሩን ይዞ ሲመጣ፣
መምህር መሰላሉን ይስባል፣ ሰውየው ሰልችቶት እስኪወጣ።
እኔ ከታች እዋሻለሁ፣ "የለም፣ ቃሊቲ ሄዷል" ብዬ፤
ከቆጡ ስንጥቅ ዱቄት ይረግፋል፣ ምልክት ሆኖ ከበላዬ።
አንድ ቀን ከድር ቀና አለ፤ አየው፤ ሱሪውን አራግፎ ሄደ፤
ዱቄት ያለ እግር አይረግፍም፤ ቆጥ ላይ ሰው እንዳለ ፈረደ።

ክረምት ላይ ሠላሳ ኬሻ ባቄላ ከሞጆ ደረሰ፤
ዋጋው ሲበዛ ረክሶ፣ አባቴ ጺሙን ዳሰሰ።
መምህር ከቆጡ ወረደ፤ ከየኬሻው እፍኝ ዘገነ፣
ደህናውን ከነቀዘው ለየ፣ ቆጠረ፣ በመዳፉ መዘነ።
"ከመቶው አራቱ ነቅዟል፤ ግዛው፤ ይህ ነው ግምቴ፤
እፍኝ ግን ኬሻ አይደለም፤ ዋስ አይሁንህ ዕውቀቴ።"

ገዛ። ኅዳር ላይ ኬሻው ሲፈታ፣ ከወገቡ በታች ነቀዝ፣
ባቄላው ራሱ የሚራመድ፣ እንደ ወንዙ ቀስ ብሎ የሚጓዝ።
ሰፈሩ ተረቱን አገኘ፦ የቆጡን ሰምቶ የብብቱን ጣለ!
አባቴ መሰላሉን ወሰደው። አንድም ቃል አላለ።

መምህር ግን (እግዜር ይቅር ይበለው) ዘሎ ወርዶ ተንበረከከ፣
እጁን እስከ ብብቱ ሰዶ፣ ነቀዙን እያየ ባረከ።
"ከላይ ከላይ ነው የዘገንኩት! ከላይ ብቻ!" አለ እየሳቀ፤
ይህን ሳቅ የሰማች እናቴ፣ እንባዋ በቁጣ ደረቀ።

ማታ በሒሳቡ ደብተር ዕዳውን በእጁ ጻፈ፦
«ሠላሳ ኬሻ። ምክንያት፦ ከላይ መዝገን።»
ስድስት ዓመት ጆንያ ተሸክሞ ከፍሎ፣ አራት ኬሻ ሲቀረው አረፈ።

ዛሬ እዚያ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። እኔ እህል እገዛለሁ፤
ኬሻ ባየሁ ቁጥር እጅጌዬን እስከ ትከሻ እሰበስባለሁ፤
እከትታለሁ፣ እከትታለሁ፣
ክንዴ ያልቃል።
ኬሻው ገና ነው።